የጥራጥሬን ዘር በዘይት ከሻጋታ ስለ መጠበቅ

በጾም ወራት የኢትዮጵያን ገበታ የሚሸከመው ጥራጥሬ መሆኑን የማያውቅ ሰው የለም። ከባለጸጋው አዳራሽ ጀምሮ እስከ ገበሬው ጎጆ ድረስ፥ ሥጋና ወተት በማይቀርብበት ቀን ሰውነትን የሚያጸናው ሽሮው፥ ክኩ፥ ንፍሮውና ቆሎው ነው። አገራችን ኢትዮጵያም ከአፍሪቃ አገሮች ሁሉ ሽምብራን አብዝታ በማምረት የመጀመሪያይቱ ናት። ነገር ግን ይህን ያህል የምንመካበት እህል ከአውድማ ተነሥቶ ጎተራ ከገባ በኋላ የሚደርስበትን ጥፋት አጥብቆ የሚመረምር የቤት ባለቤት ብዙ አይደለም። ገበሬው አርሶና አርሞ፥ አጭዶና ወቅቶ ያገባውን ሀብት ዐይን የማያየው ጠላት በጨለማ ገብቶ ሲበላው ዝም ብሎ መመልከት ከብልህ ሰው የሚጠበቅ አይደለም።

ስለዚህ በዛሬው የቤተ ሰብ ገጻችን፥ ሽምብራን፥ ባቄላን፥ ምስርን፥ አተርንና አደንጓሬን ከሻጋታ ለመጠበቅ የዕፀዋት ዘይት ምን ያህል እንደሚረዳና ምን ያህልስ እንደማይረዳ ለአንባቢዎቻችን ማስታወቅ ወደድን። «ይህ የወጥ ቤት ጉዳይ ነው፤ እኛን አይመለከተንም» የሚሉ ጌቶች ቢኖሩ እስከ መጨረሻው አንብበው ይፍረዱ። ነገሩ የሚነካው ሁለት ታላላቅ ጉዳዮችን ነውና፤ አንደኛው የቤተ ሰብ ጤና ነው፥ ሁለተኛውም የከርሞ ዘር ነው።

ሻጋታ ከወዴት ይመጣል

ሻጋታ ሳይታሰብ ከሰማይ የሚወርድ መቅሠፍት አይደለም። ዘሩ በዐይን የማይታይ ብናኝ ሆኖ በአፈሩ፥ በነፋሱ፥ በአውድማው ላይና በአሮጌው ጎተራ ግድግዳ ሁልጊዜ ይገኛል። በደረቅ እህል ላይ ቢያርፍ ሳይበቅል እንደ ተኛ ይኖራል። እርጥበትና ሙቀት ያገኘ ዕለት ግን ነቅቶ ክሩን ወደ ፍሬው ይሰድዳል። በጎተራ ውስጥ ይህን ጥፋት በብዛት የሚሠሩት ሊቃውንት አስፐርጊለስና ፔኒሲሊየም ብለው የሚጠሯቸው ወገኖች ናቸው።

እርጥበቱ ወደ እህሉ የሚገባባቸው መንገዶች ሦስት ናቸው። አንደኛው፥ እህሉ በቅጡ ሳይደርቅ ሲገባ ነው፤ በጥቅምትና በኅዳር ያለ ጊዜው የሚጥል ዝናብ ነዶውን ካረጠበው በኋላ ባለቤቱ ተቻኩሎ ወቅቶ ቢያስገባው፥ ሻጋታውን አብሮ አስገባው ማለት ነው። ሁለተኛው፥ ከሰኔ እስከ መስከረም ያለው የክረምት አየር ነው፤ ደረቅ የነበረውም እህል ከነፋሱና ከምድሩ እርጥበት እየሳበ ይለሰልሳል።

ሦስተኛውና ብዙ ሰው የማያስተውለው መንገድ ነቀዝ ነው። የጥራጥሬ ነቀዝ እንስቲቱ እንቁላሏን በፍሬው ቅርፊት ላይ ትለጥፋለች፤ አንዲቱም እስከ 100 የሚደርስ እንቁላል ልትጥል ትችላለች። ከእንቁላሉ የወጣው ትል ቅርፊቱን በስቶ ይገባና ውስጡን እየበላ ያድጋል፤ በሞቃት አገር አንድ ወር ያህል ሲሆነው ክንፍ አውጥቶ፥ ክብ ቀዳዳ ትቶ ይወጣል። ከዚህ በኋላ ፍሬው ቅጥሩ እንደ ፈረሰ ከተማ ነው፤ ሻጋታው የሚከለክለው የለም። ደግሞም ነቀዙ ራሱ ሲተነፍስ ሙቀትና እርጥበት ያወጣል፤ እጁን በነቀዘ እህል ውስጥ ያገባ ሰው የሚሰማው ሙቀት ከዚህ የመጣ ነው። እንግዲህ ነቀዝን የከለከለ ሰው ለሻጋታም አንዱን ታላቅ በር ዘጋበት ማለት ነው። ይህ ነጥብ ኋላ ስለ ዘይት የምንናገረውን ለመረዳት ያስፈልጋልና ይታሰብ።

ጉዳቱ ምን ያህል ነው

ብዙ ሰው ሻጋታ እህልን መጥፎ ጣዕም ከመስጠት በቀር ሌላ ጉዳት ያለው አይመስለውም። ይህ አሳብ አደገኛ ነው። እንደ ኤውሮጳ አቈጣጠር በ1960 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር ተርኪ የሚባሉት ትልልቅ ዶሮዎች ከ100,000 በላይ በጥቂት ወራት ውስጥ አለቁ። ሊቃውንቱ ምክንያቱን ቢመረምሩ፥ ዶሮዎቹ ከበሉት ከብራዚል የመጣ የኦቾሎኒ ፋጉሎ ውስጥ አስፐርጊለስ ፍላቩስ የተባለው ሻጋታ ያወጣውን መርዝ አገኙ፤ ስሙንም አፍላቶክሲን አሉት። ኦቾሎኒም ራሱ ከጥራጥሬ ወገን መሆኑን አንባቢዎቻችን ያስታውሱ።

ይህ መርዝ በሰው ላይ የሚሠራው ሥራ ሁለት ዓይነት ነው። በብዛት የበላው ሰው ጉበቱ ተመትቶ በጥቂት ቀን ውስጥ ሊሞት ይችላል፤ በጎረቤታችን በኬንያ በ2004 ዓ.ም. እንደ ኤውሮጳ አቈጣጠር የሻገተ በቆሎ ከበሉት ሰዎች 317 ታመው 125 መሞታቸው ተመዝግቧል። በጥቂት በጥቂቱ ለብዙ ዘመን የበላው ሰው ደግሞ የጉበት ነቀርሳ እንዲያገኘው ምክንያት ይሆናል። መርዙ የሚበዛው በበቆሎና በኦቾሎኒ ቢሆንም፥ ሻጋታው በእርጥብ ሽምብራና በእርጥብ አደንጓሬም ላይ ከመብቀል አይመለስም።

ከሁሉ የሚከፋው ነገር ይህ መርዝ በድስት እሳት የማይጠፋ መሆኑ ነው። ማጠብ፥ መቀቀል፥ መቁላትም ጨርሶ አያስወግደውም። በዚህ ላይ አንድ ክፉ ልማድ አለ፤ ይኸውም የሻገተውንና የነቀዘውን ጥራጥሬ ለይቶ «ለሽሮ ይሁን» ማለት ነው። ክክ ሲሆን በዐይን የሚታየው ነውር፥ ተፈጭቶ በርበሬና ቅመም ከገባበት በኋላ አይታይምና፥ የቤቱ ሕፃናት ሳያውቁት ይመገቡታል። ሌላውም ልማድ፥ ለጌታው ገበታ የማይሆነውን ለቤት ሠራተኛ፥ ለእንግዳ ተቀባዩ ደጅ ለሚመጣ ችግረኛ፥ አለዚያም ለላምና ለዶሮ መስጠት ነው። የሰው ጉበት በማዕርግ አይለይም፤ ለራስ የማይበሉትን ለሌላው መስጠትም ምጽዋት አይባልም። ላሚቱም ብትሆን የበላችውን መርዝ በወተቷ መልሳ ለልጆቻችን ታመጣዋለች። እንደ ኤውሮጳ አቈጣጠር በ2016 ዓ.ም. የታተመ ጥናት በአዲስ አበባና በአካባቢዋ በተሰበሰበ ወተት ውስጥ የዚህን መርዝ ወገን ማግኘቱን ገልጾ፥ ከላሞቹ መኖ ውስጥ የኑግ ፋጉሎ ዋና ምንጭ መሆኑን አመልክቷል።

የዘይት ነገር

ጥራጥሬን በዘይት ማሸት አዲስ ጥበብ አይደለም። በሕንድ አገር የቤት እመቤቶች ክካቸውን በጉሎ ወይም በሰናፍጭ ዘይት እያሹ ማስቀመጥን ከጥንት ጀምሮ ያውቁታል። በኋላ ዘመን ሊቃውንት ነገሩን በሚዛንና በመስፈሪያ መረመሩት፤ በ1978 ዓ.ም. እንደ ኤውሮጳ አቈጣጠር በናይጄሪያ በአተር መሰል ባቄላ ላይ፥ በኮሎምቢያም በአደንጓሬ ላይ የተደረጉት ምርመራዎች፥ ለአንድ ኪሎ ፍሬ 5 ሚሊ ሊትር የሚያህል የምግብ ዘይት እህሉን ከነቀዝ ለወራት እንደሚጠብቅ አስረዱ።

እዚህ ላይ ግን ሁለት ዓይነት ዘይት እንዳለ መለየት ያስፈልጋል። አንደኛው ከኑግ፥ ከሰሊጥ፥ ከሱፍ፥ ከጎመን ዘር፥ ከጉሎና ከኦቾሎኒ ተጨምቆ የሚወጣው የቅባት ዘይት ነው። ይህ ዘይት ፍሬውን እንደ ስስ ሸማ ይሸፍነዋል። ነቀዟ በቅርፊቱ ላይ የጣለችው እንቁላል አየር አጥቶ ይታፈናል፤ ፈልፍሎ የወጣውም ትል ሳይገባ ይሞታል። ይህ ዘይት ሻጋታን በቀጥታ የሚገድልበት ኃይሉ ግን ትንሽ ነው። ሻጋታን የሚከላከለው ቅርፊቱን በማስከበር፥ ነቀዙ የሚያመጣውንም ሙቀትና እርጥበት በማስቀረት ነው።

ሁለተኛው ከሽታ ቅጠሎችና ከቅመማ ቅመም የሚወጣው የመዓዛ ዘይት ነው። ይህ አረቄ እንደሚወጣ በእንፋሎት ተነጥሮ የሚገኝ፥ ክዳኑ ቢከፈት የሚተን ዘይት ነው። በጦስኝና በነጭ አዝሙድ ውስጥ ቲሞል፥ በቅርንፉድ ውስጥ ኢውጂኖል፥ በጠጅ ሳር ውስጥ ሲትራል የሚባሉ ኃይለኛ ነገሮች አሉ። በምርመራ ቤት እንደ ታየው፥ እነዚህ የሻጋታውን የሕዋስ ሽፋን እያፈረሱ እንዳይበቅልና እንዳይባዛ ያደርጉታል። ሻጋታን በቀጥታ የሚወጋው እንግዲህ ይህኛው ነው።

ነገር ግን የመዓዛ ዘይት ሦስት እንከን አለበት። ዋጋው ውድ ነው፤ ዕቃው በደንብ ካልተከደነ ተንኖ ይጠፋል፤ ከልክ ካለፈም የእህሉን ጣዕም ይለውጣል፥ የዘሩንም ሕይወት ይገድላል። ደግሞ የደረቀ ቅጠል በእህሉ መካከል መበተን የተነጠረውን ዘይት ያህል ኃይል የለውም። ጦስኝ ወይም በሶብላ በማድጋው ውስጥ መጨመር ተባይን ጥቂት ያርቅ ይሆናል እንጂ፥ በእርሱ ተማምኖ እርጥብ እህል ማስቀመጥ ሞኝነት ነው። ስለዚህ ለዛሬው ቤተ ሰብ የምንመክረው የቅባት ዘይቱን ነው።

የአሠራሩ ሥርዐት

1ኛ፤ ማድረቅ። የሁሉ መጀመሪያ ይህ ነው፤ ዘይት የድርቀትን ምትክ አይሆንም። እህሉን በባዶ መሬት ላይ ሳይሆን በሸራ ወይም በሰሌን ላይ ማስጣት፥ እያገላበጡም ማድረቅ ይገባል። የሽምብራ፥ የባቄላ፥ የምስርና የአደንጓሬ እርጥበት ከመቶ 12 ወይም 13 እንዳይበልጥ፥ የኦቾሎኒ ፍሬ ደግሞ ዘይት ስላለው ከመቶ 7 ወይም 8 እንዳይበልጥ ያስፈልጋል። ሚዛን የሌለው ሰው እንዲህ ይፈትን፤ ንጹሕና ደረቅ የመስተዋት ዕቃ ይውሰድ፤ ሲሶ ያህሉን በእህሉ ሞልቶ፥ በደንብ የደረቀ ጨው ሁለት ሦስት ማንኪያ ይጨምርበት፤ ከድኖ ጥቂት ደቂቃ ከነቀነቀው በኋላ 15 ደቂቃ ያህል ያሳርፈው። ጨው በመስተዋቱ ላይ ተለጥፎ ቢገኝ እርጥበቱ ከመቶ 15 ይበልጣልና እህሉ ገና አልደረቀም። ባይለጠፍም ለጥንቃቄ አንድ ሁለት ቀን ጨምሮ ማስጣት ይበጃል።

2ኛ፤ ማበጠርና መልቀም። የተሰበረው፥ የተሸበሸበው፥ የተበሳውና ቀለሙ የተለወጠው ፍሬ ሁሉ ተለቅሞ ይወገድ። ሻጋታ የሚጀምረው ከተሰበረው ነውና፥ አንዱ ፍሬ ለጎረቤቶቹ መዘዝ ይሆናል። ስለዚሁም ነገር ጥራጥሬን ከክክ ይልቅ በድፍኑ ማስቀመጥ ይሻላል።

3ኛ፤ ማቀዝቀዝ። ከፀሐይ የተነሣው እህል በጥላ ሥር ቀዝቅዞ ሳያድር ዕቃ ውስጥ አይግባ። በትኩሱ ቢከደን ያልበዋል፤ ያ ላብም ለሻጋታው እንደ ዝናብ ነው።

4ኛ፤ ማሸት። ለአንድ ኪሎ ፍሬ አንድ የሻይ ማንኪያ ንጹሕ ዘይት ይበቃዋል፤ ይህም ለአንድ ኩንታል ግማሽ ሊትር ማለት ነው። ኩንታሉን በአንድ ጊዜ ሳይሆን 20 ኪሎ 20 ኪሎ እያደረጉ፥ በሰፊ ገበቴ ውስጥ ዘይቱን ጥቂት በጥቂት እያፈሰሱ፥ እያንዳንዱ ፍሬ እስኪያብረቀርቅ ድረስ በእጅ ማሸት ነው። ከልክ በላይ ማፍሰስ ጥቅም የለውም፤ ፍሬውን ያጣብቀዋል፥ ዘሩንም ያፍነዋል።

5ኛ፤ ዘይቱን መምረጥ። ለሚበላው እህል ቶሎ የማይሻግተው የሰሊጥ ዘይት ይመረጣል፤ የኦቾሎኒም መልካም ነው። የተልባ ዘይት ፈጥኖ ስለሚደርቅና ስለሚበላሽ ለዚህ ሥራ አይመችም፤ የኑግ ዘይትም ብዙ ሲቈይ ጣዕሙ ይለወጣል። የጉሎና የኒም ዘይት ለሚዘራው ዘር ብቻ ይሁን፤ የመጀመሪያው ሆድ ያስቀምጣል፥ የሁለተኛውም ምሬት ከእህሉ በቀላሉ አይለቅም። የጉሎውን ፍሬ ራሱን ወቅጦ ከእህል ጋራ መደባለቅ ግን ፈጽሞ የተከለከለ ነው፤ ብርቱ መርዝ አለበትና። ምግብ የተጠበሰበት አሮጌ ዘይትና የመኪና ዘይትም እንዲሁ የተከለከሉ ናቸው።

6ኛ፤ ማስቀመጥ። የታሸውን እህል በደንብ ተጠርጎ በደረቀ ማድጋ፥ ጎታ ወይም በርሜል ጨምሮ መክደን ነው። ዕቃው ከወለሉ ከፍ ብሎ በእንጨት ላይ ይቀመጥ፥ ከግድግዳም ይራቅ። የአምናውን ትርፍ ከዘንድሮው ጋራ መቀላቀል ነቀዝን ጋብዞ ማስገባት ነው። በክረምት ወራት በየ15 ቀኑ እጅን ሰድዶ ሙቀቱን፥ አሽትቶም ጠረኑን መመርመር ያስፈልጋል።

የድሮ ሰዎቻችንም በዚህ ነገር ብልሃት አልጐደላቸውም። ጥራጥሬውን ከጤፍ ጋራ ቀላቅለው ማስቀመጣቸው፥ ደቃቁ ጤፍ በፍሬዎቹ መካከል ያለውን ክፍተት ሞልቶ ነቀዙ መዘዋወሪያ እንዲያጣ ነው። ዐመድም እንዲሁ ይሠራል። ዘይት ለማይገኝለት ቤት እነዚህ ዛሬም የሚናቁ አይደሉም። አቅም ያለው ሰው ደግሞ አየር የማያስገባውን ሦስት ድርብ ከረጢት ቢገዛ ነቀዙ አየር አጥቶ ይሞታልና ዘይት አያስፈልገውም፤ በእርሱም ቢሆን እርጥብ እህል ቢጨመርበት መበላሸቱ አይቀርም።

ስለሚዘራው ዘር

የሚበላው እህል ቢበላሽ የአንድ ወር ቀለብ ይጐድላል፤ ዘሩ ቢበላሽ ግን የአንድ ዓመት አዝመራ ይቀራል። የሻገተ ዘር በውጭ ደህና መስሎ በውስጡ ሞቶ ሊገኝ ይችላል። ሽምብራ የሚዘራው ዝናቡ ሲያበቃ፥ ምድሩ በያዘው እርጥበት ነው፤ ሳይበቅል ቢቀር ወቅቱ አልፏልና ደግሞ ለመዝራት ጊዜ የለም። ዘር የሚያበድር፥ ወይም ለዘመዶቹ የሚያካፍል ሰው ይህን ከማንም ይልቅ ሊያስብበት ይገባዋል፤ የሞተ ዘር ያበደረ ሰው ለተበዳሪው ረኃብን አበደረው።

ስለዚህ ዘሩን በሙሉ በዘይት ከማሸት በፊት ጥቂቱን መፈተን ያስፈልጋል። 100 ፍሬ በዘይት ታሽቶ፥ ሌላ 100 ፍሬም ሳይታሽ በየራሱ እርጥብ ጨርቅ ይጠቅለል፤ ጨርቁ ሳይደርቅ እየተረጨ በ7ኛው ቀን የበቀለው ይቈጠር። ሁለቱ እኩል ከሆኑ ዘይቱ ዘሩን አልጐዳውም ማለት ነው። የታሸው አንሶ ቢገኝ ዘይቱን መቀነስ ወይም መለወጥ ነው። ሁለቱም ከ80 ካነሱ ጥፋቱ የዘይቱ ሳይሆን የዘሩ ነውና፥ ጊዜ ሳያልፍ ሌላ ዘር መፈለግ ይበጃል። የመዝሪያው ወር ሲቃረብም ፈተናው ይደገም።

ሊጠነቀቁት የሚገባ ነገር

ዘይት የሻገተውን እህል አያድንም። አንድ ጊዜ መርዝ የገባበትን ፍሬ በዘይት ማሸት፥ የታመመን ሰው አስጊጦ ጤነኛ ነው እንደ ማለት ነው። በገበያም አሮጌውን ክክ በዘይት አሽተው አዲስ የሚያስመስሉ ነጋዴዎች አይጠፉምና፥ የሚገዛ ሰው በማብረቅረቁ ሳይታለል አሽትቶ፥ ሰብሮና ውስጡን አይቶ ይግዛ። የሻገተ ሆኖ የተገኘው ሁሉ ለሰውም ለእንስሳም ሳይሰጥ ይቀበር።

ደግሞ ነቀዝ ለመግደል በገበያ የሚሸጠውን የሚተን መርዝ ክኒን ሰው በሚያድርበት ቤት ውስጥ በእህል መካከል መጨመር ለሞት የሚያደርስ ነገር ነው። ጋዙ በሌሊት ወደ መኝታ ቤት ሊገባ ይችላል፤ ነቀዙን ቢገድልም በሻጋታው ያመጣውን መርዝ አያጠፋም። አንድ የሻይ ማንኪያ ዘይት በሚበቃበት ቤት ይህን የመሰለ አደጋ መጋበዝ ምን ይጠቅማል?

አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለእንዲህ ያለው ነገር ነው። የምንመክረው ሥራ ብዙ ገንዘብ የሚያስወጣ አይደለም፤ የሚጠይቀው ሁለት ቀን ፀሐይ፥ ግማሽ ሊትር ዘይትና የባለቤቱን ዐይን ነው። ከሦስቱም የመጨረሻው ይበልጣል። ስለዚህ የቤቱ ጌታና እመቤት፥ ለክረምቱ የሚሆነው እህል በሚገባበት ጊዜ ቍልፉን ለሠራተኛ ብቻ ከመተው፥ አብረው ገብተው ጎተራውን ይመልከቱ፤ ልጆቻቸውም ይህን እያዩ ይደጉ። እህሉን የሚጠብቅ ቤት ጤናውንም ከርሞውንም ይጠብቃል።